ቤት ለእንግዳ፦ ከብራንዳይስ ተመራቂዎች እጅ የወጡ መጻሕፍት

ቦስተን አካባቢ ለምንገናኝ የአማርኛ አንባቢዎች ካቀረብኩት ንግግር የተዘጋጀ

ጤና ይስጥልኝ። እናቶች፣ አባቶች፣ እህት ወንድሞች፣ በዚህ ብርድ ከቤት ወጥታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ።

ለጥቂት ዓመታት ሥራ የምሄደው በፊችበርግ መስመር ባቡር ነበር። ባቡሩ የዋልተም ከተማን መሃል እንዳለፈ ብራንዳይስ ሮበርትስ የሚባል ጣቢያ ላይ ይቆማል። ቦርሳ ያነገቱ ልጆች ይወርዱና ወደ ብራንዳይስ ዩኒቨርሲቲ ኮረብታውን ይወጣሉ። እኔ በመስኮት አያቸዋለሁ። ዩኒቨርሲቲውን የመሠረቱት አይሁዶች መሆናቸውን ሰምቻለሁ። ስለዚህ እዚያ የሚማሩት አይሁዶች ብቻ፣ የሚጽፉትም ስለ ራሳቸው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን ከሰፈሬ ቤተ መጻሕፍት አንድ ልብ ወለድ ተዋስኩ። ደራሲው ቻይናዊ ነው። የጀርባውን ሽፋን ሳነብ ዶክትሬቱን ከብራንዳይስ እንዳገኘ አየሁ። ገረመኝ። ከዚያ በኋላ ባገኘሁት መጽሐፍ ሁሉ ላይ የደራሲውን የትምህርት ታሪክ መፈለግ ጀመርኩ። ሕይወቷ የእኛን የሚመስል ጥቁር ሴት አገኘሁ። ፈላስፋ አገኘሁ። የስፖርት ጋዜጠኛ አገኘሁ። ሁሉም ያን ኮረብታ ወጥተዋል። ዛሬ የማወራችሁ በቅርብ ዓመታት ስላሳተሟቸው መጻሕፍት ነው። ዓመታቱን የምጠራው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ስለ አገር ቤት ሳወራ ብቻ ዓመተ ምሕረት እላለሁ።

ግን ስለ ቤቱ ሳልናገር ስለ ልጆቹ ብናገር ነገሩ ጎዶሎ ይሆናል።

በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች በትምህርት ጎብዘው ነበር። አባት ልብስ ይሰፋል፣ እናት ሱቅ ትጠብቃለች፣ ልጅ ፈተናውን አልፎ የትልልቆቹን ዩኒቨርሲቲዎች በር ያንኳኳል። ቁጥራቸው ሲበዛ በሩ ጠበበ። በ1922 የሃርቫርድ ፕሬዚዳንት ሎረንስ ሎዌል የአይሁድ ተማሪዎች ድርሻ ከ15 በመቶ እንዳያልፍ ሐሳብ አቀረቡ። ሐሳቡ በይፋ አልጸደቀም። በጓሮ በር ግን ገባ። አመልካቹ ፎቶ ይላክ ተባለ። ጠባዩ ይጣራ ተባለ። የትውልድ ቦታው ይታይ ተባለ። ብዙ ሌሎች ትምህርት ቤቶችም ይህንኑ መንገድ ያዙ። ማመልከቻ ሞልቶ፣ ነጥቡ ደርሶ፣ ምክንያቱ ሳይነገረው የተመለሰ ሰው ያን ስሜት ያውቀዋል። እዚህ አዳራሽ ውስጥም የሚያውቀው አለ።

ዋልተም ውስጥ ደግሞ ሚድልሴክስ የሚባል የሕክምናና የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት ነበር። ይህ ትምህርት ቤት በኮታ አልሠራም ብሎ አይሁዶችን ይቀበል ነበር። የሐኪሞች ማኅበር እውቅና ነፈገው። ገንዘቡ አለቀ። ሊዘጋ ሲል፣ በ1946፣ ግቢውን አዲስ ዩኒቨርሲቲ ለመክፈት ለሚያስቡ አይሁዶች ሰጠ። አልበርት አይንስታይንም ከጀማሪዎቹ አንዱ ነበር። ገንዘብ የሚያሰባስበው ድርጅት በስሙ ተሰይሞ ነበር። በ1947 ግን ከሌሎቹ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ ወጣ። ዩኒቨርሲቲው በጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጀመሪያው አይሁድ ዳኛ በሆኑት በሉዊስ ብራንዳይስ ስም ተጠራ። በ1948 በ107 ተማሪዎችና በ13 አስተማሪዎች ሥራ ጀመረ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። በሩ የተዘጋበት ሰው የራሱን ቤት ሲሠራ ሁለት ነገር ሊያደርግ ይችላል። «ይህ የእኛ ብቻ ነው» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። ወይም «ቤት ለእንግዳ» ሊል ይችላል። የብራንዳይስ መሥራቾች ሁለተኛውን መረጡ። ዘር፣ ሃይማኖት፣ ኮታ የለም አሉ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብራም ሳካር በ1976 ስለ ዩኒቨርሲቲው አመሠራረት መጽሐፍ ጽፈዋል። ርዕሱ «በስተመጨረሻ ጋባዥ» እንደማለት ነው። አይሁዶች ለብዙ ዘመን በሰው ዩኒቨርሲቲ እንግዳ ነበሩ፤ አሁን በተራቸው ሌላውን ተቀበሉ፤ ሐሳቡ ይህ ነው።

ግቢው ውስጥ በ1955 የተመረቁ ሦስት ጸሎት ቤቶች አሉ። አንዱ የአይሁድ፣ አንዱ የካቶሊክ፣ አንዱ የፕሮቴስታንት። በአንድ ኩሬ ዙሪያ ቆመዋል። አሠራራቸው የአንዱ ጥላ ሌላው ላይ እንዳይወድቅ ተደርጎ ነው። ለአምልኮ ቦታ ይህን ያህል ተጠንቅቆ የሚያስብ ሰው እወዳለሁ። አንድ ቅዳሜ ለማየት ብቻ ሄጄ ለረጅም ሰዓት ተቀምጬ መጣሁ።

አሁን ወደ እንግዶቹ ልምጣ።

ከሁሉ አስቀድሜ የማነሳው ሃ ጂንን ነው። በ1956 ሰሜን ምሥራቅ ቻይና ውስጥ ተወለደ። የባህል አብዮት ዘመን ስለነበር ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ገና ልጅ ሳለ፣ በ14 ዓመቱ ገደማ፣ ወታደር ሆነ። እንግሊዝኛን ዘግይቶ ተማረ። በ1985 ለዶክትሬት ብራንዳይስ ገባ። ተምሮ ወደ አገሩ ተመልሶ ሊያስተምር ነበር ሐሳቡ። በሰኔ 1989 ግን የአገሩ ጦር ቲያናንመን አደባባይ ላይ የወጡ ወጣቶችን ሲገድል በቴሌቪዥን አየ። ያ ሐሳቡ እዚያው ላይ አበቃ።

ቀጥሎ ከባድ ጥያቄ መጣበት። በየትኛው ቋንቋ ይጻፍ? በቻይንኛ ቢጽፍ አገሩ ውስጥ አያሳትሙለትም። በእንግሊዝኛ ቢጽፍ የእናቱን ቋንቋ ይተዋል። እንግሊዝኛን መረጠ። በ1999 «መጠበቅ» የተባለው ልብ ወለዱ የአሜሪካን ብሔራዊ የመጽሐፍ ሽልማት አገኘ። ሽልማቱ ደስ ይላል፤ እኔን የያዘኝ ግን ውሳኔው ነው። እኛ ልጆቻችንን በአማርኛ ስንጠይቃቸው በእንግሊዝኛ ይመልሱልናል። ቋንቋ ከእጅ ሲያመልጥ ምን እንደሚመስል እናውቃለን። ሃ ጂን ያንን መንገድ ዓይኑን ገልጦ ሄደበት። በየመጽሐፉ ውስጥ የከፈለው ዋጋ ይሰማኛል።

«ነጻ ሕይወት» የሚለው መጽሐፉ በ2007 ነው የወጣው። የቅርብ አይደለም፤ ግን ሳልጠቅሰው ማለፍ አልቻልኩም። ዋናው ገጸ ባሕርይ ናን ዉ ይባላል። ብራንዳይስ የፖለቲካ ሳይንስ ይማር የነበረ ቻይናዊ ነው። ትምህርቱን ያቋርጣል። የሌሊት ዘበኛ ይሆናል። ኒው ዮርክ ሄዶ ምግብ ማብሰል ይለምዳል። ጆርጂያ ውስጥ ትንሽ ምግብ ቤት ይገዛል። የቤት እዳ ይከፍላል፣ ልጅ ያሳድጋል። ልቡ ግን ግጥም ላይ ነው። ሌሊት ፓርኪንግ ውስጥ ሒሳብ እየተቀበለ መጽሐፍ የሚያነብ ሰው ሁላችንም እናውቃለን። አገር ቤት መምህር የነበረ፣ ጋዜጠኛ የነበረ፣ ግጥም ይጽፍ የነበረ ሰው። ስለዚያ ሰው እንደዚህ በክብር የተጻፈ መጽሐፍ አላየሁም።

የቅርቦቹ ሁለት ናቸው። በ2023 «ከሞስኮ የተመለሰችው ሴት» ወጣ። በእውነተኛ ሰው ላይ የተመሠረተ ወፍራም ልብ ወለድ ነው። ሱን ዌይሺ የቹ ኤንላይ የማደጎ ልጅ ነበረች። ሞስኮ ቲያትር ተምራ ተመልሳ በቻይና ዘመናዊ ቲያትር ትልቅ አዘጋጅ ሆነች። በ1968፣ በባህል አብዮቱ ጊዜ፣ እስር ቤት ውስጥ ሞተች። ያሳደጋት ሰው የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበር። ይህን ሳነብ የራሳችን ዘመን ትዝ አለኝ። አብዮት የገዛ ልጆቹን ሲበላ ያየን ሰዎች ነን፤ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገንም። ሁለተኛው መጽሐፍ በ2025 የወጣ ነው። ሃርቫርድ የምትማር ቻይናዊት ወጣት በ1989 ታንክ ፊት ብቻውን ስለቆመው ሰው ትፈልጋለች። ስለዚያ ቀን በአገሯ ምንም አልተነገራትም። የደራሲው አብዛኞቹ ሥራዎች ዛሬም ቻይና ውስጥ አይሸጡም።

አሁን ደግሞ ስለ ጥቁር ተማሪዎቹ። እዚህ ላይ ታሪኩ ሁሉ ማር አይደለም፤ እንዳለ ነው የምነግራችሁ።

የጥቁሮች መብት ታጋይዋ አንጀላ ዴቪስ በ1961 ከአላባማ፣ ከበርሚንግሃም ከተማ መጣች። በገባችበት ዓመት አዲስ ከተቀበሏቸው ተማሪዎች ጥቁሮቹ ሦስት ብቻ ነበሩ። በሩ ክፍት ነው፤ ግን ቤቱ ውስጥ የሚመስልሽ ሰው ከሌለ ብርዱ አይለቅም። የፈረንሳይኛ ሥነ ጽሑፍ ተማረች። በመስከረም 1963 ፈረንሳይ ሳለች በትውልድ ከተማዋ ያለ ቤተ ክርስቲያን በቦምብ መመታቱን ጋዜጣ ላይ አነበበች። አራት ልጃገረዶች ሞተዋል። ታውቃቸው ነበር። ተመልሳ በ1965 ተመረቀች። ኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ተከሰሰች፣ ታሰረች፣ በ1972 ነጻ ተባለች። ዴቪስ በ1974፣ ደራሲዋ ቶኒ ሞሪሰን አርታኢ ሆና፣ ያወጣችው የራሷ የሕይወት ታሪክ በ2022 እንደገና ታትሟል። በዚያው ዓመት ከሦስት ሴቶች ጋር ሆና እስር ቤትን ስለማስቀረት የጻፈችውም ወጥቷል። በሁሉም ሐሳቧ አልስማማም። የሕይወት ታሪኳን ግን ለልጆቻችሁ ስጧቸው። ስለ ጥቁር አሜሪካ የምናስበው ብዙ ነገር ከሩቅ ያየነው ነው። ይህ መጽሐፍ ቀረብ ያደርጋል።

እሷ ከተመረቀች አራት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1969፣ ሰባ ያህል ጥቁር ተማሪዎች ፎርድ ሆል የሚባለውን ሕንጻ ያዙ። ለ11 ቀን አልወጡም። አስር ጥያቄ አቀረቡ። ከዚያ የአፍሪካና የጥቁር አሜሪካውያን ጥናት ክፍል ተቋቋመ። ጋባዥ ቤቱን ስለከፈተ ብቻ ነገሩ አላለቀም። እንግዳውም ወንበሩን ጠይቆ ነው የተቀመጠው።

ማርጎ ጄፈርሰን ከዚያ ግርግር አንድ ዓመት ቀድማ በ1968 ተመረቀች። የቺካጎ ልጅ ናት። አባቷ የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። ቤተሰቡ የተማረ፣ የተከበረ፣ ደህና ኑሮ ያለው ነው። ነጮቹ ግን ጥቁር ብለው ያርቁታል። ከሌላው ጥቁር ደግሞ ራሱን ከፍ አድርጎ ያያል። ይህን የመሃል ኑሮ በ2015 በወጣው የሕይወት ታሪኳ ጻፈችው። እንድታነቡት ያለማመንታት የምመክራችሁ ግን በ2022 የወጣውን ነው። ርዕሱን «የነርቭ ሥርዓት መገንባት» ልበለው። በቀጣዩ ዓመት እንግሊዝ ውስጥ የፎሊዮን ሽልማት አገኘ። በዚህ መጽሐፍ ራሷን የምትተርከው በምትወዳቸው ሰዎች ሳይሆን በምትሰማቸው ድምፆች ነው። የጃዝ ሙዚቀኞች፣ ዳንሰኞች፣ ደራሲዎች አንድ ሰው ውስጥ ገብተው እንዴት ሥርና ጅማት እንደሚሆኑ ታሳያለች። ኤላ ፊትዝጄራልድ ቴሌቪዥን ላይ ስትዘፍን ያልባት የነበረውን ላብ ታነሳለች። በልጅነቷ ያ ላብ ያሳፍራት ነበር። ካደገች በኋላ የሥራ ላብ መሆኑን አየች። ያን ክፍል ሳነብ እናቴ ከእንጀራ ምጣድ ፊት ቆማ ግንባሯን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ ታየችኝ። እንግዳ ሲመጣ «ላብሽን ጥረጊ» እላት ነበር።

ከዚህ ወደ ፈላስፋው ማይክል ሳንደል እሻገራለሁ። በ1975 ተመረቀ። አሁን ሃርቫርድ ያስተምራል። የእሱ መጽሐፍ በቀጥታ ስለ በር ነው። በ2020 የወጣ ሲሆን ርዕሱ «የብቃት አምባገነንነት» ማለት ነው። መነሻው በ2019 የተሰማው ቅሌት ነው። ከ30 በላይ ሀብታም ወላጆች ልጆቻቸውን ታዋቂ ዩኒቨርሲቲ ለማስገባት ጉቦ ከፍለው ተከሰሱ። ደላላው ሦስት በር አለ ይል ነበር። የፊት በር በነጥብ፣ የኋላ በር በትልቅ ስጦታ፣ የጎን በር ደግሞ እሱ የሚሸጠው። ሳንደል ግን ከዚያ አልፎ ይጠይቃል። የፊቱ በርስ ንጹሕ ነው ወይ? ሀብታም ልጁን ለፈተና ያስጠናል። ያለፈው ልጅ ራሱ ብቻ የደከመ ይመስለዋል። የወደቀው ደግሞ ጥፋቱ የእሱ ነው ይባላል። ያለፈው ይኮራል፤ የወደቀው ያፍራል። አገር በዚህ ይሰነጠቃል ነው የሚለው።

ይህ ሐሳብ የአሜሪካ ብቻ ነው ብላችሁ እንዳታልፉት። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት የወጣ ቀን ትዝ ይላችኋል? ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3 ነጥብ 3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመቶ ልጅ ዘጠና ሰባቱ ወደቀ ማለት ይቻላል። ያን ሳምንት አገር ቤት የደወልኩለት ቤት ሁሉ ለቅሶ ቤት ይመስል ነበር። የወንድሜ ልጅ ስልክ አላነሳም ብሎ ሦስት ቀን ተኛ። ኩረጃ መቆሙ ጥሩ ነው፤ ይህን ሁሌም እላለሁ። ግን አስተማሪ በሌለበት፣ ጦርነት በገባበት ገጠር የተማረውን ልጅ «አልቻልክም» ብቻ ብሎ መመለስ ትክክል ነው? ሳንደል መልሱን በዕጣ ይሞክራል። መማር የሚችሉትን ለዩ፤ ከዚያ በዕጣ አስገቡ ይላል። ያኔ ያለፈውም ዕድል እንዳገዘው ያውቃል። እኛ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ያየን ሰዎች ስለሆንን ዕጣ ሁሉን አይፈታም እንላለን። ቢሆንም ክርክሩ እንደገና እንዳስብ አድርጎኛል። በ2025 ደግሞ ከፈረንሳዩ ኢኮኖሚስት ከቶማ ፒኬቲ ጋር ያደረገው ውይይት በትንሽ መጽሐፍ ወጥቷል። ጊዜ የሌለው ሰው በሁለት ማታ ይጨርሰዋል።

የፖለቲካ ፈላስፋውን ማይክል ዋልዘርንም ላንሳና ልለፍ። የ1956 ተመራቂ ነው። በ2023 ስለ ጨዋ ፖለቲካ ጽፏል። በአስተያየት የማይመስለውን ሰው ጠላት ላለማድረግ ለሚፈልግ ሁሉ ይጠቅማል።

አሁን የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም እንይ። በዕብራይስጥ አንድ ቃል ተጽፎበታል፦ «ኤሜት»። እውነት ማለት ነው። ከመዝሙረ ዳዊት ነው የተወሰደው። በእኛ መዝሙር 50 ነው፤ ተሣሃለኒ። «እነሆ፥ እውነትን ወደድህ» የሚለው ቦታ። ቃሉ ከ«አሜን» ጋር፣ ከግእዙ «አማን» እና «አመነ» ጋር አንድ ሥር ነው። ማሳቹሴትስ ውስጥ በሚገኝ ማኅተም ላይ የእኛ ቃል ዘመድ ተቀምጧል ማለት ነው።

ይህን ዝምድና አብጠርጥረው የሚያውቁ ሰው በ1950ዎቹ መጀመሪያ እዚያው ያስተምሩ ነበር። ተመራቂ አይደሉም፤ መምህር ናቸው። ግን ስማቸውን ሳላነሳ ብወጣ ቅር ይለኛል። ቮልፍ ሌስላው ናቸው። በ1906 ፖላንድ ተወለዱ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፈረንሳይ ውስጥ ካምፕ ታስረው ነበር። አምልጠው አሜሪካ ገቡ። ኢትዮጵያ ሄደው ቋንቋዎቻችንን አጠኑ። በ1951 የቤተ እስራኤልን የግእዝ መጻሕፍት ወደ እንግሊዝኛ መልሰው አሳተሙ፤ «ትእዛዘ ሰንበት» በውስጡ አለ። በኋላ ሎስ አንጀለስ ሄደው የአማርኛ መማሪያ፣ የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ የግእዝ መዝገበ ቃላት ጻፉ። በ2006 በመቶ ዓመታቸው አረፉ። ልጆቻችሁን አማርኛ ለማስተማር የምትጠቀሙበት መጽሐፍ የእሳቸው ሊሆን ይችላል። ሽፋኑን እዩት።

እውነት የሚለውን ቃል በሕግ ፊት ያቆመችው ደግሞ ዴቦራ ሊፕስታት ናት። ዶክትሬቷን በ1976 ከብራንዳይስ አገኘች። ናዚዎች የአይሁድን ሕዝብ መጨፍጨፋቸውን ስለሚክዱ ሰዎች በ1993 መጽሐፍ ጻፈች። ዴቪድ ኧርቪንግ የተባለ እንግሊዛዊ ጸሐፊ ስሜን አጠፋች ብሎ ለንደን ከሰሳት። በእንግሊዝ ሕግ ማስረዳት ያለባት ተከሳሿ ነች። ስለዚህ የታወቀውን እልቂት በሰነድ ማረጋገጥ ግድ ሆነ። ጠበቆቿ ከእልቂቱ የተረፉ ሰዎችን ምስክር አድርገው አላቀረቡም። ሽማግሌዎቹ በመስቀለኛ ጥያቄ እንዳይዋረዱ ብለው። የታሪክ ምሁራን ተቀምጠው የግርጌ ማስታወሻ በግርጌ ማስታወሻ አጣሩ። በሚያዝያ 2000 ዳኛው ኧርቪንግ ሆን ብሎ ታሪክ አጣሟል ብለው ፈረዱ። ዛሬ በየስልካችን «እንዲህ የሚባል ነገር አልሆነም» የሚል ሰው ሞልቷል። እሷ ያን በትዕግሥት፣ በሰነድ፣ ሳትጮህ እንዴት እንደሚመለስ አሳይታለች።

የቅርብ መጽሐፏ በ2023 የወጣው የጎልዳ ሜየር ታሪክ ነው። ጎልዳ ለእኛ ሩቅ ሰው አይደሉም። ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ እስራኤልን ከአፍሪካ አገሮች ጋር ለማቀራረብ ብዙ ደክመዋል። በጥቅምት 1973፣ እሳቸው ጠቅላይ ሚኒስትር ሳሉ፣ ኢትዮጵያ ከእስራኤል ጋር ያላትን ግንኙነት አቋረጠች። ያን ጊዜ አዲስ አበባ የነበራችሁ ታስታውሱታላችሁ።

የመጨረሻው ሚች አልቦም ነው። በ1979 ተመረቀ። ሶሺዮሎጂ ያስተማሩት ፕሮፌሰር ሞሪ ሽዋርትዝ ነበሩ። እገናኝዎታለሁ ብሎ ቃል ገባ፤ ሄደ፤ ዲትሮይት ታዋቂ የስፖርት ጋዜጠኛ ሆነ፤ 16 ዓመት ጠፋ። አንድ ማታ ቴሌቪዥን ሲያይ መምህሩ በማይድን በሽታ ተይዘው ሲናገሩ አየ። አውሮፕላን ተሳፍሮ መጣ። ቤታቸው ከዋልተም ብዙ በማይርቀው በዌስት ኒውተን ነበር። አስራ አራት ማክሰኞ ተመላለሰ። ሞሪ በኅዳር 1995 አረፉ። ስለነዚያ ማክሰኞዎች መጽሐፍ የጻፈው የሕክምና ወጪያቸውን ለመክፈል ነው። ብዙ አሳታሚ አልፈልግም ብሎት ነበር። በ1997 ሲወጣ ዓለምን አዳረሰ። መምህሩን ሳይጠይቅ ዓመታት ያለፉት ሰው እዚህ ካለ፣ እባካችሁ ዛሬ ማታ ደውሉ። እኔ ዘግይቼ ደውዬ አላገኘኋቸውም።

በ2023 አልቦም «ትንሹ ውሸታም» የሚል ልብ ወለድ አወጣ። ቦታው የግሪክ ከተማ ተሰሎንቄ ነው። ጳውሎስ መልእክት የጻፈላት ከተማ። በ1943 ናዚዎች ከዚያች ከተማ ከአርባ ሺህ በላይ አይሁዶችን በባቡር ጭነው አውሽዊትዝ ወሰዱ። ኒኮ የተባለ የ11 ዓመት ልጅ አለ። በሕይወቱ ዋሽቶ አያውቅም። አንድ የናዚ መኮንን ይህን አወቀ። ባቡር ጣቢያ አቆመውና «አዲስ ቤት፣ አዲስ ሥራ ወዳለበት ነው የምትሄዱት በላቸው» አለው። ልጁ እውነት መስሎት ተናገረ። ሰው አመነው፤ ኒኮ አይዋሽማ። በመጨረሻ የገዛ ቤተሰቡ ሲሳፈር አየ። ከዚያ ቀን በኋላ ኒኮ እውነት መናገር አልቻለም።

ይህን ታሪክ የሚተርከው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? እውነት ራሷ ናት። ወይም እውነት ራሱ ነው። እዚህ ላይ ነው የተቸገርኩት።

እናቴ እንግሊዝኛ አታነብም። ማታ ማታ አጠገቧ ተቀምጬ በቃል እየተረጎምኩ አነብላታለሁ። «እኔ» እያለ ሲናገር ችግር የለም። ስለ ተራኪው ላስረዳት ስል ግን አማርኛ አያስጥልም፤ ወይ «እሱ» ወይ «እሷ» ማለት አለብኝ። እኔ «እሱ» አልኩ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንጂ ትጠራለች አይባልም» ብዬ ተከራከርኩ። በአይሁድ የቆየ ትርጓሜ ያለ አንድ ታሪክም ነገርኳት። እግዚአብሔር ሰውን ሊፈጥር ሲል ምሕረት ይፈጠር ብላ ለመነች። እውነት ግን ሰው ሁለመናው ውሸት ነው፣ አይፈጠር አለ። እግዚአብሔርም እውነትን ወደ ምድር ጣለው።

እናቴ መቁጠሪያዋን ይዛ ዝም ብላ ሰማችኝ። ከዚያ፦

«ዳዊት ምን ይላል? 'እውነት ከምድር በቀለች' ነው የሚለው። በቀለ አይልም። እሷ በያት» አለችኝ።

እሷ አልኳት።

«እንዲያ ነው። አሁን ቀጥይ፤ ልጁ ከባቡር ጣቢያው ወዴት ሄደ?»